ታካማትሱ እና ኮቶሂራ፦ ሳኑኪ ኡዶንን በአገሩ መብላት

ሳኑኪ ኡዶን፣ ከስንዴ ዱቄት የሚሠራው ወፍራሙ የጃፓን ኑድል፣ የጠዋትና የቀትር ምግብ ነው። በጃፓኗ ታካማትሱ ከተማ እንግዳ ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይህን አለማወቅ ነው። ቀኑን በጉብኝት አሳልፎ ኡዶኑን ለእራት ያቆየ ሰው የታወቁትን ቤቶች ተዘግተው ያገኛቸዋል። ብዙዎቹ ማለዳ ወይም ረፋድ ላይ ከፍተው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ ለዕለቱ የተዘጋጀው ኑድል ካለቀ ከዚያም ይቀድማሉ። እዚህ የምጽፋቸው ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በር ላይ 14:00 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚነግራችሁ ኖሬን የሚባለው በር ላይ የሚንጠለጠል አጭር የጨርቅ መጋረጃ ነው። ኖሬኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሰዎች ገና ተቀምጠው እየበሉ ቢታዩም፣ አዲስ እንግዳ አይቀበሉም።

ሳኑኪ የዛሬዋ ካጋዋ ክፍለ ሀገር የድሮ ስም ነው። ካጋዋ ከጃፓን 47 ክፍለ ሀገራት በስፋት ትንሿ ናት፤ ዋና ከተማዋ ታካማትሱ ሲሆን በሺኮኩ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ ትገኛለች። አካባቢው ዝናብ ያጥረዋል፤ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ውሃ በኩሬ እያጠራቀመ ነው የኖረው። ማኖ የሚባለውን ትልቁን ኩሬ በ821 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያደሰው መነኩሴው ኩካይ ነው፤ ኡዶንንም ከቻይና ያመጣው እሱ ነው የሚል የአገሬው ትውፊት አለ። ሩዝ ብዙ ውሃ ሲፈልግ ስንዴ ግን በደረቁ ወራት ይበቅላል። ጨው ከባሕሩ ዳርቻ፣ ሶያ ሶስ ከሾዶሺማ ደሴት፣ ለመረቁ የሚሆኑት የደረቁ ትናንሽ ዓሦች ከኢቡኪ ደሴት ይመጣሉ። ለኡዶን የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ነበር። ዛሬ አብዛኛው ዱቄት ከአውስትራሊያ የሚገባ ስንዴ ነው፤ ክፍለ ሀገሩ ያወጣው "ሳኑኪ ኖ ዩሜ" የሚባል የራሱ የስንዴ ዝርያም አለ፤ በእሱ የሚሠሩ ቤቶች በግልጽ ይለጥፉታል። ካገኛችሁት ቅመሱት፤ የስንዴው ሽታ ደመቅ ይላል።

ወደ ታካማትሱ ቀላሉ መንገድ በፈጣኑ ባቡር ኦካያማ ድረስ መጥቶ እዚያ "ማሪን ላይነር" ወደሚባለው ባቡር መቀየር ነው። ከኦካያማ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ1988 የተከፈተውን የሴቶ ታላቅ ድልድይ አቋርጦ ያልፋል። መኪናዎቹ ከላይ፣ ባቡሩ ከታች ነው የሚሄዱት፤ ባሕሩና ደሴቶቹ በሁለቱም በኩል ይታያሉ። ሌሊቱን ታካማትሱ ማደር ግድ ነው፤ ከኦሳካ ጠዋት ተነስቶ ለቀትር የደረሰ ሰው የሚያገኘው ረጅሙን ሰልፍ ነው።

የመጀመሪያውን ጠዋት ሪትሱሪን ለሚባለው የአትክልት ሥፍራ ስጡት። በሩ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፤ ይህ ለበላተኛ ትልቅ ጥቅም አለው። በባዶ ሆድ ገብታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ከኩሬ ኩሬ፣ ከጥድ ጥድ ስትዞሩ ረሃቡ በደንብ ይመጣል፤ ስትወጡ ደግሞ ማለዳ የሚከፍቱት ቤቶች የመጀመሪያውን ኑድል እያወጡ ነው። ሥፍራው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1745 መልኩን ያገኘ የመሳፍንት አትክልት ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1875። ጥዶቹ በየዓመቱ በእጅ ይከረከማሉ። ኪኩጌትሱ-ቴይ የተባለው የሻይ ቤት ውሃው ላይ ነው የተሠራው፤ እዚያ ማቻ የሚባለውን በዱቄት መልክ የሚበጠበጥ አረንጓዴ ሻይ መጠጣት ከፈለጋችሁ የሚከፈተው ረፋድ ላይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

አሁን ወደ ኡዶን ቤቱ እንግባ። ሦስት ዓይነት ቤት አለ። አንደኛው ተቀምጣችሁ የምታዙበት የተለመደው ምግብ ቤት ነው። ሁለተኛው "ሴልፍ" ይባላል፤ ራስን በራስ ማስተናገድ ነው፤ ካጋዋን ካጋዋ የሚያሰኘውም እሱ ነው። ሦስተኛው ኑድል የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ ሆኖ ጥግ ላይ ጥቂት ወንበር ያስቀመጠ ነው፤ ኑድሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ምርጫው ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ከከተማው ስለሚርቅ መኪና ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሴልፍ ይምረጥ።

ሴልፍ ቤት ውስጥ ሰልፉ ራሱ ይመራችኋል፤ ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁ ቋንቋ አያስፈልግም። ከመግቢያው ትሪ ታነሳላችሁ። ከዚያ ዓይነቱንና መጠኑን ትናገራላችሁ፦ "ሾ" ትንሹ ሲሆን አንድ እፍኝ ኑድል ነው፣ ከ200 እስከ 250 ግራም ይመዝናል፤ "ቹ" ሁለት እፍኝ፤ "ዳይ" ሦስት እፍኝ ነው። "ካኬ ሾ"፣ ማለትም ትንሹን በሙቅ መረቅ፣ ካላችሁ ትዕዛዙ አልቋል። ሁልጊዜ ሾ እዘዙ። ትንሹ ካኬ ከ300 እስከ 450 የን አካባቢ ስለሆነ በአንድ ጠዋት ሁለት ቤት መሄድ ይቻላል፤ የካጋዋ ሰዎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ዳይ ያዘዘ ሰው ሁለተኛ ቤት አይደርስም፤ ኑድሉም ሳህኑ ውስጥ እየተቀመጠ ይልፈሰፈሳል።

በአንዳንድ ቤት ቀዝቃዛውን ኑድል በሳህን ሰጥተዋችሁ ማሞቁ የእናንተ ይሆናል። እጀታ ያለው ጠለቅ ያለ ማጥለያ ከፈላው ውሃ አጠገብ ይሰቀላል። ኑድሉን እዚያ ጨምራችሁ ውሃው ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ እያነቃነቃችሁ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቃችሁ ታራግፋላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። ከ30 ሰከንድ በላይ ከቆየ የኑድሉ ጥንካሬ ይጠፋል። ውሃው በደንብ ካልተራገፈ ደግሞ መረቁ ይቀጥናል፤ ሰው "መረቁ አይጣፍጥም" ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የቴምፑራው፣ ማለትም በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰው አትክልትና ዓሣ፣ መደርደሪያ ይመጣል፤ በመቆንጠጫ አንስታችሁ ሳህን ላይ ታኖራላችሁ። ከዚያ ክፍያ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ የ1,000 የን ኖትና ሳንቲም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ጉርሻ አይሰጥም። ከተከፈለ በኋላ መረቁን ራሳችሁ ቧንቧ ካለው በርሜል ትቀዳላችሁ፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ለየብቻ ነው። ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ቀለም ያለው ለካኬ ነው። ጠቆር ብሎ በትንሽ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ የሚቀመጠው ግን የመንከሪያ ወይም ኑድሉ ላይ ጥቂት ብቻ የሚፈስ የቡካኬ ስጎ ነው፤ ጨዋማ ስለሆነ እንደ መረቅ ሞልታችሁ አትቅዱት። የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ የተፈገፈገ ዝንጅብልና የቴምፑራ ፍርፋሪ በነፃ ነው። በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህኑን ራሳችሁ ወደ መመለሻው ትወስዳላችሁ።

ስለ ዓይነቶቹ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል፤ ልዩነቱ ከላይ የሚጨመረው ነገር ብቻ አይደለም፣ ኑድሉ ከድስቱ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ኑድሉ ከተቀቀለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ እየታሸ ሲታጠብ ከላዩ ያለው ስታርች ይለቅና ሥጋው ይጠብቃል፤ "ኮሺ" የሚሉት ያ ጥርስን መልሶ የሚገፋ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። "ካኬ" የታጠበውን ኑድል እንደገና አሙቆ በሙቅ መረቅ ነው። "ቡካኬ" የታጠበው ላይ ጥቂት ጠንካራ ስጎ ማፍሰስ ነው። "ዛሩ" ቀዝቃዛው በወንፊት ቀርቦ እየነከሩ መብላት ነው። "ኪጆዩ" የታጠበው ኑድል ላይ ሶያ ሶስ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዳይኮን፣ ማለትም ረጅም ነጭ ሥር ተፈግፍጎ፣ እና ሱዳቺ ከምትባል ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ጋር። "ካማአጌ" ግን ሳይታጠብ በቀጥታ ከድስቱ ከነውሃው ይቀርባል፤ ለስላሳና ሙልጭልጭ ነው። "ካማታማ" በካማአጌው ኑድል ላይ ጥሬ እንቁላል ሰብሮ ማማሰል ነው፤ የኑድሉ ሙቀት እንቁላሉን ግማሽ ያበስለዋል። የተቀበላችሁበትን ቅጽበት አሳልፋችሁ ፎቶ ስታነሱ ከቆያችሁ እንቁላሉ ጥሬውን ይቀራል፤ ወዲያው አማስሉ።

የኑድሉንና የመረቁን ሙቀት ለየብቻ ማዘዝም ይቻላል፦ "ሂያ" ቀዝቃዛ፣ "አትሱ" ሙቅ። "ሂያአትሱ" ቀዝቃዛ ኑድል በሙቅ መረቅ ማለት ነው። እኔ የምመክረው እሱን ነው፤ ጥንካሬው ሳይጠፋ የመረቁ ሽታ ይወጣል፣ አፍም አያቃጥልም። የአንድን ቤት እጅ ለመለካት ግን ኪጆዩ ይበልጣል፤ መሸፈኛ የለውምና።

የመረቁ መሠረት "ኢሪኮ" የሚባለው የደረቀ ትንሽ ዓሣና ኮምቡ የሚባል የባሕር አረም ነው። ጥሩ ቤት የዓሣውን ራስና ሆድ ዕቃ ይነቅላል፤ ካልተነቀለ መረቁ ይመርራል። ስትበሉ እየሳባችሁ ድምፅ ብታሰሙ ነውር አይደለም፤ አየሩ ኑድሉን ያበርዳል፣ ሽታውንም ያወጣል። የመብያ እንጨቶቹን ምግቡ ላይ አቁሞ መትከል ግን የቀብር ሥርዓት ስለሚያስታውስ ተዉት።

ለጾመኛ የሚሆነውን ለብቻው ላስረዳ። ኑድሉ ራሱ ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ብቻ ስለሆነ ጾም ነው። ችግሩ መረቁ ነው፤ ዓሣ በጾም ለማይበላ ሰው ካኬም ቡካኬም ዛሩም አይሆኑም፣ ስጎዎቹ ሁሉ ከኢሪኮ ወይም ከሌላ የደረቀ ዓሣ ይጀምራሉና። ረቡዕና ዓርብ ላይ ማዘዝ ያለባችሁ ኪጆዩ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንድ ቤት የዓሣ መረቅ የተቀላቀለበት ሶያ ሶስ ስለሚያቀርብ ጠርሙሱን አሳይታችሁ "ዳሺ ናሺ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "መረቅ የሌለው ነው?" እንደማለት ነው። ፍልሰታ የሚውለው በጃፓን ሐሩር ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ኪጆዩ ከሁሉ ይስማማል። የአትክልት ቴምፑራ ጾም ይመስላል፣ ነገር ግን ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለ፤ ዘይቱም ለዓሣውና ለዶሮው አንድ ነው። "ቺኩዋ" የሚሉት ክፍት ቱቦ የመሰለው ከዓሣ ሊጥ ይሠራል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ ሰው "ጌሶ" ከሚባለው የስኩዊድ እግርና ሽሪምፕ ከሚገባበት "ካኪያጌ" ከሚባለው የተከታተፈ ቴምፑራ ይጠንቀቅ። አሳማ በዚህ አገር ኡዶን ላይ ብዙ አይታይም፤ "ኒኩ ኡዶን" ላይ ያለው ሥጋ ባብዛኛው የበሬ ነው። ካሪ ኡዶን ግን አሳማ ሊኖረው ይችላል፤ አሳማ "ቡታ" ነው፣ "ቡታ ናሺ" አሳማ የሌለበት። ሙስሊም ወገኖች ስጎው ውስጥ ሚሪን የሚባል አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ሊገባ እንደሚችል ይወቁ፤ ለእነሱም ኪጆዩ ቀላሉ መውጫ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በጃፓንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ የሰልፉ ሰዓት ላይ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው።

ካጋዋ ውስጥ አንድ ነገር ግን ለእኛ ሰው ትርጉም አያሻውም፦ "ሾዩ-ማሜ"። ደረቅ ባቄላ በምጣድ ይቆላል፤ ልጣጩ መሰንጠቅ ሲጀምር በትኩሱ ሶያ ሶስ፣ ስኳርና ጥቂት ቃሪያ ባለበት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። አሠራሩ የአሹቅ ነው፤ ቆልቶ መንከር። ጣፋጭነቱ ለእኛ አፍ ይበዛ ይሆናል፤ ከሻይ ጋር ግን ያምራል። ፕላስቲክ ታሽጎ በባቡር ጣቢያ ሱቆች ይሸጣል፣ ጓዝም አይከብድም።

ሁለተኛው ቀን የኮቶሂራ ነው። ኮቶደን የሚባለው የአካባቢው ባቡር ከታካማትሱ-ቺኮ ጣቢያ ተነስቶ በሩዝና በስንዴ ማሳዎች መካከል አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሰዉ የሚመጣው "ኮምፒራ-ሳን" እያሉ ለሚጠሩት የመርከበኞች ጠባቂ ቤተ መቅደስ ነው፤ ወደ ዋናው አዳራሽ 785 ደረጃ ይወጣል። ደረጃው በትክክል ሲቆጠር 786 ነበር፤ 786 በጃፓንኛ ሲነበብ "መጨነቅ" ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል አንዷን ደረጃ ወደ ታች የምታወርድ አድርገው ቁጥሩን ቀነሱት ይላሉ።

ደረጃው ከምግብ በፊት እንጂ በኋላ አይወጣም። በኡዶን በተሞላ ሆድ 785 ደረጃ መውጣት ቅጣት ነው፤ ኡዶን ቤቶቹ የሚደረደሩት ደግሞ እታች፣ ደረጃው ሥር ስለሆነ ፈተናው እግራችሁ ሥር ነው። ከታካማትሱ በማለዳው ባቡር ውጡና ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መውጣት ጀምሩ። ወደ ዋናው አዳራሽ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። እታች ያሉ ሱቆች የቀርከሃ ምርኩዝ ያከራያሉ፤ ለመውጣት ባትፈልጉት ለመውረድ ለጉልበታችሁ ውሰዱት። 365ኛው ደረጃ ላይ ትልቁ በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ በትልልቅ ነጭ ጃንጥላ ሥር የሚሸጡ አምስት ሱቆች ብቻ ናቸው፤ በቅጥሩ ውስጥ የመሸጥ መብት ከጥንት የተሰጣቸው ቤተሰቦች ናቸው። የሚሸጡት የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ወርቃማ የዩዙ (ሎሚ መሰል ፍሬ) ከረሜላ ነው፤ መስበሪያ ትንሽ መዶሻ አብሮት አለ። እላይ ስትደርሱ "ሳኑኪ ፉጂ" የሚባለውን 422 ሜትር ከፍታ ያለው ሾጣጣ ተራራ ከሜዳው መሐል ታዩታላችሁ። ጉልበት ያለው ሰው እስከ 1,368ኛው ደረጃ፣ እስከ ውስጠኛው መቅደስ ይቀጥላል፤ ግን ሌላ 30 ደቂቃ እንደሚጨምርና የምሳውን ሰልፍ እንደሚያስረዝም አስቡ።

ከወረዳችሁ በኋላ ኡዶን መሥራት የሚያስተምሩ ቤቶች አሉ፤ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሊጡ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በእግር ይረገጣል፤ ጠንካራ ስለሆነ ክንድ አይችለውም። አሠራሩን ቤት ወስዶ ለመሞከር የሚሆነው መጠን ይኸው፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 25 ግራም ጨው፣ 230 ሚሊ ሊትር ውሃ። ጨውን ውሃው ውስጥ አሟሙታችሁ ዱቄቱ ላይ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። መጀመሪያ ፍርፋሪ ይሆናል፤ "ውሃ አነሰው" ብላችሁ አትጨምሩ፣ ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉትና ራሱ ይያያዛል። ረግጣችሁ፣ አጥፋችሁ፣ እንደገና ረግጣችሁ ሁለት ሰዓት አሳርፉ። ሳያርፍ የተዳመጠ ሊጥ እንደ ላስቲክ ይመለሳል፣ ሲቀቀልም ይበጣጠሳል። በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጡና በዚያው ስፋት ቁረጡ። ቢያንስ 5 ሊትር በሚንተከተክ ውሃ ቀቅሉት፤ ውሃው ላይ ጨው አይጨመርም፣ የሊጡ ጨው በመቀቀል ይወጣል። በባሕር ጠለል 12 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ይዘገያል። አንዱን አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ ቅመሱ፤ መሐሉ ላይ ነጭ ዱቄት ካላያችሁ ደርሷል። የድሮዎቹ ሠሪዎች ጨውን እንደ ወቅቱ ይለዋውጡ ነበር፦ በሐሩር ለአንድ ኩባያ ጨው ሦስት ኩባያ ውሃ፣ በብርድ ስድስት፣ በሌላው ጊዜ አምስት። ሙቀት ሊጡን ያላላዋል፣ ጨው ያጠብቀዋልና።

ኮቶሂራ ላይ በ1835 የተሠራው ካናማሩ-ዛ የተባለው የካቡኪ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ድራማ፣ ቲያትር ቤት ጃፓን ውስጥ ከቀሩት ሁሉ ጥንታዊው ነው፤ ትርዒት በሌለበት ቀን ከመድረኩ ሥር ያሉትን በሰው ጉልበት የሚዞሩ የእንጨት ማሽኖች ያሳያሉ። ከምሳ በኋላ ለሚቀረው ሰዓት እሱ ይበቃል።

እራቱን ማሩጋሜ ላይ አድርጉት። ከኮቶሂራ በታዶትሱ በኩል ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኡዶን ቤቶች ሲዘጉ የማሩጋሜ "ሆኔትሱኪ-ዶሪ" ይጀምራል፦ ሙሉ የዶሮ እግር ከነአጥንቱ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በብዙ ቁንዶ በርበሬ ተለውሶ በጋለ ምድጃ የተጠበሰ። ሲታዘዝ "ሂና" ወይስ "ኦያ" ብለው ይጠይቃሉ። ሂና ጫጩቷ ናት፤ ለስላሳና ጭማቂ። ኦያ እንቁላል ስትጥል የኖረች ዶሮ ናት፤ ሥጋዋ ጠንካራ ነው፣ ጣዕሙ ግን ጥልቅ ነው፣ ለዶሮ ወጥ የሀበሻ ዶሮ የሚመርጥ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለሁለት ሰው ከእያንዳንዱ አንድ እዘዙና ተካፈሉ፤ ኦያውን በመቀስ እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ። ጥሬ ጥቅል ጎመን አብሮ ይመጣል፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ዘይት ውስጥ እየተነከረ ይበላል። የሩዝ ድብልብልም እዘዙ፣ ግን እስከ መጨረሻው አቆዩት፤ ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው ሁሉ የሚቀረው እዚያ ዘይት ውስጥ ነው።